ባለ ሦስት ዓይኑ ፕሮጀክተር ምስል ሲንሸራተትበት

ጅማ ውስጥ ኳስ የሚያሳዩ ቤቶችን ለሚያዘወትር ሰው ፕሮጀክተር ብርቅ አይደለም። ዛሬ የሚበዛው ግን በአንድ እጅ የሚነሳው፣ አምፖል ያለው ትንሹ ዓይነት ነው። እኔ የማወራው ከእሱ በፊት ስለነበረው ነው። ፊቱ ላይ ሦስት ትልልቅ ሌንሶች የተደረደሩበት፣ ለመስቀል ሁለት ሦስት ጎረምሳ የሚፈልገው ሣጥን። ሲአርቲ ፕሮጀክተር ይባላል።

ውስጡ አምፖል የለም። ያለው በድሮው ሆዳም ቴሌቪዥን ውስጥ የምናውቀው ዓይነት ቲዩብ ነው፤ ያውም ሦስት። አንዱ ቀዩን ምስል ይሠራል፣ አንዱ አረንጓዴውን፣ አንዱ ሰማያዊውን። ሦስቱ መጋረጃው ላይ ሲደራረቡ ሙሉ ቀለም ይወጣል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ የቤልጅየሙ ባርኮ፣ የጃፓኑ ሶኒና የካናዳው ኤሌክትሮሆም እነዚህን ማሽኖች ለስብሰባ አዳራሽ፣ ለማሰልጠኛና ለመቆጣጠሪያ ክፍል ይሸጡ ነበር። ያኔ ዋጋቸው አይቀመስም። ዛሬ ከጨረታ ወይም ከንብረት ክፍል ጥግ በርካሽ ይወጣሉ። በቀን ብርሃን አይሞከሩም፣ ብርሃናቸው ደካማ ነው። ጨለማ ክፍል ውስጥ ግን ጥቁሩ የምር ጥቁር ስለሆነ ፊልም ሲታይባቸው ብዙ አዲስ ማሽን ያስንቃሉ።

ጣጣው የሚመጣው ከተሰቀሉ በኋላ ነው። ዲሽ ሪሲቨር ወይም ላፕቶፕ ይገጠማል። ምስሉ ይንሸራተታል፣ ይቀደዳል፣ ግማሹ ይቆረጣል፣ ወይም ጭራሽ አይመጣም። ከዚያ «ቲዩቡ አልቋል» ይባልና ማሽኑ ተመልሶ ጥግ ይይዛል። እኔ በዚህ ፍርድ አልስማማም። ቲዩብ ሲያልቅ ምስሉ ይደበዝዛል እንጂ አይንሸራተትም። የሚንሸራተት ምስል ባብዛኛው የሚነግረን ምልክት ላኪውና ምልክት ተቀባዩ ሰዓታቸው እንዳልገጠመ ነው። የትኛው ሰዓት እንዳልገጠመ ደግሞ ሣጥኑን ሳትከፍቱ፣ መጋረጃውን በማየት ብቻ መለየት ትችላላችሁ።

ጨረሩ እንዴት ይጽፋል

ቲዩቡ ውስጥ የኤሌክትሮን ጨረር አለ። ከግራ ወደ ቀኝ አንድ መስመር ይጽፋል፣ ይመለሳል፣ ቀጣዩን ይጀምራል። ታች ሲደርስ ወደ ላይ ይመለሳል።

በአማርኛ ክፍለ ጊዜ የነበረውን ቃል ጽሕፈት አስታውሱ። መምህሩ ያነባሉ፣ ተማሪ ይጽፋል። መስመር ሲሞላ «አዲስ መስመር» ይላሉ። እጃችሁ ወደ ግራ እስኪመለስም ትንሽ ይታገሣሉ። ገጹ ሲያልቅ «ገጽ ግለጡ» ይላሉ፤ ያኔ ትዕግሥቱ ረዘም ይላል። እዚህ መምህሩ ሪሲቨሩ ወይም ላፕቶፑ ነው። «አዲስ መስመር» የሚለው ትእዛዝ ሆሪዞንታል ሲንክ ይባላል። «ገጽ ግለጡ» የሚለው ቨርቲካል ሲንክ ነው። ትዕግሥቱን ደግሞ ቴክኒሻኖች ብላንኪንግ ይሉታል።

ብላንኪንግ ሦስት ቁራጭ አለው። ከሲንኩ በፊት ፍሮንት ፖርች የሚሉት አጭር ዝምታ አለ። ቀጥሎ ሲንኩ ራሱ ይመጣል። ከሲንኩ በኋላ ባክ ፖርች የሚባል ሌላ ዝምታ ይከተላል። ይህን ባክ ፖርች አደራ አትርሱት፤ ኋላ የቀለም ጉዳይ ሲነሳ እንመለስበታለን።

አሁን ቁጥሩ። አገራችን ለረጅም ዘመን የተጠቀመችበት ፓል የሚባለው የቴሌቪዥን ሥርዓት 625 መስመር አለው። በሴኮንድ 25 ሙሉ ምስል ያሳያል። 625ን በ25 ስታባዙ 15,625 ይመጣል። ጨረሩ በሴኮንድ ይህን ያህል መስመር ይጽፋል ማለት ነው፤ በቴክኒሻን አፍ 15.6 ኪሎኸርዝ። አንዱ መስመር 64 ማይክሮሴኮንድ ይወስዳል። ከዚያ ውስጥ ምስል ያለበት 52 ያህሉ ነው፣ የቀረው 12 ለመመለሻ ነው።

ኮምፒውተር ከዚህ ይፈጥናል። 640 በ480 የሚባለው የድሮው ቪጂኤ 31.5 ኪሎኸርዝ ይፈልጋል። 800 በ600 በ60 ኸርዝ፣ ማለትም በሴኮንድ 60 ምስል፣ 37.9 ይደርሳል። 1024 በ768 በ60 ኸርዝ 48.4 ነው። ሙሉ ኤችዲ የምንለው 1080ፒ በ60 ኸርዝ ደግሞ 67.5 ይጠይቃል። ሲአርቲ ፕሮጀክተሮች ሁሉ እኩል አይሮጡም። አንዳንዱ ለቪዲዮ ብቻ የተሠራ ነው፣ 15.6 አካባቢ ይቀራል። አንዳንዱ 36 ወይም 50 ላይ ይቆማል። ትልልቆቹ ከ90 ያልፋሉ። ስለዚህ የማሽናችሁን ሞዴል ቁጥር ከጀርባው አንብቡና የሚችለውን ዝቅተኛና ከፍተኛ ድግግሞሽ (በሴኮንድ የሚጽፈውን መስመር ብዛት) ከመመሪያው ፈልጉ። ይህን ሳያውቁ ኬብል መቀያየር ዝም ብሎ መድከም ነው።

መጀመሪያ ማሽኑን ለብቻው

የምልክት ኬብሎቹን በሙሉ ንቀሉ። ማሽኑን አብርታችሁ ግማሽ ሰዓት ያህል ይሙቅ። ከዚያ በሪሞቱ ሜኑ ውስጥ ያለውን የመፈተሻ ምስል አውጡ። በዲጂታል ሜኑ ከሚሠሩት አብዛኞቹ ክሮስሃች የሚሉት የመስመር መረብ አላቸው። ይህን መረብ የሚፈጥረው ማሽኑ ራሱ ነው፣ ሲንኩም የራሱ ነው። ኬብሉን ንቀሉ ያልኩትም ለዚህ ነው፤ አንዳንዱ ማሽን ምልክት ካገኘ መረቡን በውጭው ሲንክ ላይ ያስራል፣ ያኔ ፈተናው ይበላሻል።

መረቡ ሳይነቃነቅ ከቆመ ትልቁ ጥያቄ ተመለሰ። ጨረሩን የሚነዳው ክፍል ጤነኛ ነው። ጣጣው ምልክቱ ላይ ወይም ምልክቱ የሚገባበት ካርድ ላይ ነው። መረቡም አብሮ ከተንቀጠቀጠ፣ ወይም ማሽኑ ሲሞቅ ከሸሸ፣ ነገሩ የውስጥ ነው። ብዙ ጊዜ ያረጁ ካፓሲተሮች ናቸው።

ያኔ ራሳችሁ ለመክፈት አትቸኩሉ። ቲዩቦቹ የሚሠሩበት ቮልቴጅ 30 ሺህና ከዚያ በላይ ይደርሳል። መሰኪያው ተነቅሎም ቻርጁ ውስጥ ሊቆይ ይችላል። ቴሌቪዥን የጠገነ ሁሉ ይህን ያውቃል፣ ግን የዚህኛው ከቴሌቪዥኑ ይብሳል፤ ቲዩቡም ሦስት ነው። ይህን ማሽን የሚያውቅ ባለሙያ ይክፈተው።

መጋረጃው ላይ ምን ይታያል?

ምስሉ ጨርሶ የማይለይ፣ ወደ ጎን ያዘነበሉ ሰንበሮች ብቻ ከሆነ ሆሪዞንታሉ አልያዘም። ጨረሩ «አዲስ መስመር» የሚለውን ትእዛዝ አልሰማም፣ ወይም እንዲህ በፍጥነት መመለስ አይችልም። ሰንበሮቹን ቁጠሩ። ጥቂት ከሆኑ ለመያዝ ተቃርቧል። ብዙና ቀጫጭን ከሆኑ በጣም ርቋል። አንድ ዓይነት ሁለት ምስል ጎን ለጎን ከመጣ ደግሞ ማሽኑ ምልክቱ በሚፈልገው ፍጥነት ግማሽ ነው የሚሄደው። ለምሳሌ 31 ኪሎኸርዝ እየተላከ በ15.6 ይጽፋል።

ምስሉ ቅርጹን ይዞ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ከተንከባለለ ሆሪዞንታሉ ደህና ነው፣ ያልያዘው ቨርቲካሉ ነው። ይህ ከሁሉም ቀላሉ ነው። ብዙ ጊዜ ከአምስቱ ኬብል አንዱ አልተሰካም፣ ወይም የተሰካው የማይሆን ቀዳዳ ላይ ነው።

ስለ ኬብሎቹ እግረ መንገዴን ልበል። ሲንክ በሦስት መልክ ይመጣል። አንዱ ሆሪዞንታልና ቨርቲካል በየራሳቸው ሽቦ፤ ከሦስቱ ቀለም ጋር አምስት ኬብል ይሆናል። ሁለተኛው ሁለቱ ተቀላቅለው በአንድ ሽቦ፤ ጠቅላላው አራት። ሦስተኛው ሲንኩ አረንጓዴው ላይ ተጭኖ፤ ሦስት ብቻ። ማሽኑ አንዱን እየጠበቀ ሌላውን ብትልኩለት ኬብሉ ሁሉ ጤነኛ ሆኖ ምስል አይቆምም። ሜኑ ውስጥ የሲንክ ምርጫ ካለ መጀመሪያ እሱን እዩ።

ምንም ካልመጣ፣ ማሽኑም በርቶ ዝም ካለ፣ ድግግሞሹ ከአቅሙ በላይ ሊሆን ይችላል። ብዙዎቹ ጨረሩ በትክክል ካልተነዳ ቲዩቡን ራሳቸው ያጠፋሉ። አንድ ቦታ ላይ የቆመ ጨረር የቲዩቡን ፊት ስለሚያቃጥል ነው። ይህ ጥበቃ ነው፣ ብልሽት አይደለም።

አሁን በጣም ወደሚያሳስተው እንምጣ። ምስሉ ቆሟል፣ ይነበባል። ግን ግራ ጠርዙ ላይ ልክ ወረቀት እንደታጠፈ ምስሉ በራሱ ላይ ተደርቧል፣ ወይም የመጀመሪያዎቹ ፊደላት የሉም። ወደ ቃል ጽሕፈቱ እንመለስ፦ መምህሩ እጃችሁ ሳይመለስ ማንበብ ጀምረዋል። ጨረሩ ገና ወደ ግራ እየተመለሰ ሳለ ምስሉ ተጀምሯል።

ለምን? አዲስ ኮምፒውተሮች ለጠፍጣፋ ስክሪን ተብሎ የተሠራ አጭር ብላንኪንግ ይልካሉ። ጠፍጣፋ ስክሪን ጨረር የለውም፣ የሚመለስ ነገርም የለውም፣ ስለዚህ መጠበቅ አያስፈልገውም። 1920 በ1080 በዚህ አጭር ስሌት ሲላክ መመለሻው 160 ፒክስል ብቻ ነው፤ በጊዜ 1.2 ማይክሮሴኮንድ ገደማ። ያው 1080ፒ በቴሌቪዥኑ ስሌት ሲላክ 280 ፒክስል ይሆናል፤ ወደ 1.9 ማይክሮሴኮንድ። ይህም ጠባብ ነው። ብዙ ሲአርቲ ፕሮጀክተሮች ለመመለስ ከ2 ማይክሮሴኮንድ በላይ ይፈልጋሉ። 1024 በ768 በ60 ኸርዝ ግን 4.9 ማይክሮሴኮንድ ይሰጣል፤ ዘና ብሎ ይመለሳል። እንግዲህ ማሽኑ 67 ኪሎኸርዝ እችላለሁ ቢል እንኳ ግራ ጠርዙ ከታጠፈ ድግግሞሹን ሳይሆን ብላንኪንጉን ጠርጥሩ። በኮምፒውተሩ የግራፊክስ ሴቲንግ ውስጥ ካስተም ሪዞሉሽን የሚል ቦታ አለ። እዚያ የሆሪዞንታል ጠቅላላ ፒክስሉን ጨምሩ። ጠቅላላው ሲጨምር መመለሻው ይረዝማል። ፒክስል ክሎክ የሚባለውን፣ በሴኮንድ የሚላከውን ፒክስል ብዛት፣ ካልነካችሁ ደግሞ ድግግሞሹ ትንሽ ይወርዳል፣ እሱም አይጎዳም።

ምስሉ ሳይታጠፍ ወደ አንድ ጎን ብቻ ከተገፋስ? እዚህ ላይ ሁለት የሚመሳሰሉ ማስተካከያዎች አሉ፣ ሁለቱን መለየት ግድ ነው። አንዱ ፌዝ ይባላል። ሌላው ሺፍት ወይም ሴንተሪንግ። ሁለቱም ምስሉን ወደ ግራና ቀኝ ያንቀሳቅሳሉ፣ የሚሠሩት ግን ለየቅል ነው። ፌዝ የጊዜ ጉዳይ ነው። ጨረሩ በሚጽፍበት ሜዳ ውስጥ ምስሉ መቼ እንደሚጀምር ይወስናል። ሺፍት ሜዳውን ራሱን ከነምስሉ ቲዩቡ ፊት ላይ ያንሸራትታል።

ለማየት ብራይትነሱን ከፍ አድርጉት። ጥቁሩ ይነጣና ጨረሩ የሚጽፍበት ሙሉ ሜዳ፣ ራስተር የሚሉት፣ ግራጫ ሆኖ ይታያል። ምስሉ በግራጫው ውስጥ ወደ አንድ ጎን ከተጠጋ የሚነካው ፌዝ ነው። ምስሉ ከግራጫው መሐል ሆኖ ግራጫው ራሱ ከቲዩቡ መሐል ከወጣ የሚነካው ሺፍት ነው። ቲዩቡን በሌንሱ በኩል ማየት ትችላላችሁ፤ ብራይትነሱን መልሳችሁ ቀንሱና ከጎን ሆናችሁ እዩ፣ ፊት ለፊት ዓይን ያማል።

ብዙ ሰው ፌዙን ትቶ በሺፍት ይጎትተዋል። መጋረጃው ላይ ልክ ይመስላል። ግን ምስሉ ቲዩቡ ጠርዝ ላይ ተቀምጧል፣ ሦስቱን ቀለም መግጠም ይከብዳል፣ ለወራት ከተሠራበትም የቲዩቡ ፊት አንድ ጎን ብቻ ይበላል። ከዚያ ሌላ ምንጭ ሲገጠም የድሮው ምስል ጥላ ሆኖ ይቀራል። የጊዜን ችግር በቦታ ማስተካከያ መሸፈን የሚያስከፍለው ይህን ነው። ትክክለኛው ቅደም ተከተል ፌዝ፣ ቀጥሎ ሺፍት ነው። ጠርዝ የሚቆርጠው የብላንኪንግ ማስተካከያ መጨረሻ ይምጣ።

የምስሉ አናት ብቻ ወደ ጎን ከተጎነበሰ ሌላው ደህና ሆኖ፣ ምንጩን ጠርጥሩ። የድሮ ካሴት የሚያጫውቱ ሰዎች ይህን ያውቁታል። የቪዲዮ ማጫወቻው ሄዶች ሲቀያየሩ ጊዜው ትንሽ ይዘላል። ቴሌቪዥን ቶሎ ይደርስበታል፣ አንዳንድ ፕሮጀክተር ግን ቀስ ብሎ ነው የሚያርመው። ሁለቱን ሲንክ በአንድ ሽቦ የሚቀላቅሉ ርካሽ መቀየሪያዎችም ይህንኑ ያመጣሉ። ቨርቲካል ሲንኩ በሚላክበት ጊዜ ሆሪዞንታሉን ዝም ያሰኙታል። ጨረሩ ለጥቂት መስመር ያለ ትእዛዝ ይሄዳል፣ አናቱ ላይ ሲደርስ ገና እየታረመ ነው። መፍትሔው ሁለቱን ሲንክ በየሽቦው መላክ ነው፤ ለካሴት ደግሞ ጊዜውን መልሶ የሚያስተካክል ታይም ቤዝ ኮሬክተር የሚባል መሣሪያ አለ።

ወደ ባክ ፖርች እንመለስ። ማሽኑ «ጥቁር ማለት ይህ ነው» ብሎ የሚለካው እዚያ ዝምታ ላይ ነው። መለኪያው ሰዓቱን ሳተና ሲንኩ ላይ ወይም ምስሉ ላይ ካረፈ ጥቁሩ ይዛባል። ጥቁሩ አረንጓዴ ይሆናል፣ ወይም ነጭ ነገር በታየ ቁጥር የቀረው ምስል ይጨልማል። ሰው ይህን ሲያይ የቀለም ማስተካከያውን መነካካት ይጀምራል። ምንም አይፈይድም። ሲንክ አረንጓዴው ላይ ተጭኖ እየመጣ ማሽኑ በሌላ ሲንክ ተቀናብሮ ከሆነ፣ ወይም የሲንኩ ፖላሪቲ (ወደ ላይ ወይስ ወደ ታች መምታቱ) ከተገለበጠ፣ እንዲህ ይታያል። ሌላ አንድ ወጥመድም አለ። የዲቪዲ ማጫወቻውን ኮምፖነንት የሚባለውን፣ ብርሃንና ቀለም ለያይቶ የሚልከውን ሦስት ኬብል ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ቀዳዳ ላይ ብትሰኩት ምስሉ ቆሞ ይታያል፣ ቀለሙ ግን አረንጓዴና ሮዝ ይሆናል። ያ ሰዓት አይደለም፣ የግቤት ምርጫ ብቻ ነው።

የቀለም ጠርዝ ነገርም አለ። ቀዩ በሙሉው ስክሪን ላይ በእኩል መጠን ወደ ቀኝ ከሸሸ፣ ኮንቨርጀንስ የሚባለውን፣ ሦስቱን ቀለም የሚገጥመውን ማስተካከያ ከመንካታችሁ በፊት ኬብሎቹን ለኩ። ምልክት በተለመደው ኮአክሲያል ኬብል አንድ ሜትር ለመሄድ 5 ናኖሴኮንድ ገደማ ይፈጅበታል። በ1024 በ768 አንዱ ፒክስል 15 ናኖሴኮንድ ነው። የቀዩ ኬብል ከሌሎቹ በ3 ሜትር ከረዘመ ቀዩ አንድ ፒክስል ዘግይቶ ይደርሳል። ሦስቱም ቀለም እኩል ርዝመት ይኑራቸው፣ አበቃ። ኬብሉ 75 ኦም መሆን አለበት። የዲሽ ኬብልም 75 ኦም ስለሆነ መጨረሻው ላይ ተስማሚ ማገናኛ ከተገኘለት ለጊዜው ያገለግላል። ከእያንዳንዱ ነገር ቀጥሎ ቀኝ ላይ ጥላ ከታየ ደግሞ ኬብሉ መጨረሻው ላይ ባለ 75 ኦም ተርሚኔሽን (ምልክቱን የሚውጥ ሬዚስተር) አልተዘጋም ማለት ነው፤ ምልክቱ ተመልሶ ይመጣል።

መወዛወዝና የእኛ መብራት

ይህኛው ለእኛ አገር ልዩ ጥቅም አለው። መብራታችን 50 ኸርዝ ነው። ላፕቶፕ የሚልከው ግን ባብዛኛው 60 ነው። ከኤሌክትሪክ መስመሩ ሁካታ ወደ ምስሉ ከገባ ሁለቱ በሴኮንድ 10 ጊዜ ይላተማሉ። ምስሉ ይርገበገባል፣ ጠርዞቹ እንደ እባብ ይወዛወዛሉ። ሰው ይህን አይቶ ሲንክ ጠፋ ይላል። ማረጋገጫው ቀላል ነው። ምንጩን ወደ 50 ኸርዝ ቀይሩት። ርግብግቡ ቆሞ በዝግታ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች የሚሄድ ማዕበል ብቻ ከቀረ፣ የሲንክ ችግር አይደለም፤ መብራቱ ነው።

መነሻው ብዙ ጊዜ ፕሮጀክተሩና ሪሲቨሩ ከተለያየ ሶኬት መሳባቸው ነው። ሁለቱን ከአንድ ማከፋፈያ አብሩ። አንዳንድ ሰው የመሰኪያውን ኧርዝ ቆርጦ ይገላገላል። ይህን በፍጹም አታድርጉ፤ 30 ሺህ ቮልት ያለበት የብረት ሣጥን ነው ከራሳችሁ በላይ የተሰቀለው።

ምስሉ አንዳንዴ ለቅጽበት ብቻ ዘልሎ ከተመለሰ ጆሯችሁን ጣሉ። ስታቢላይዘሩ «ቀጭ» ካለ ጋር ከተገጣጠመ ቮልቴጅ ሲቀያይር ነው። ከማሽኑ ውስጥ «ቺስ» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ደግሞ ሌላ ነው። ጅማ ዝናብ አይጠፋትም። ቡና መፈልፈያ አጠገብ ያለ አዳራሽ ከሆነ ደግሞ አቧራው አለ። አቧራና እርጥበት ሲገናኙ ከፍተኛው ቮልቴጅ መንገድ ያገኛል፣ ብልጭ ባለ ቁጥር ምስሉ ይዘላል። ማሽኑን አጥፉትና ባለሙያ ያጽዳው። እርጥበቱ የኬብል ማገናኛዎችንም ያዝጋል። ዝገት የያዘ ማገናኛ ሲንኩን ያዳክመዋል፤ ነካ ሲያደርጉት ምስሉ ከተመለሰ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም።

የዛሬ ምንጭ ለትናንት ማሽን

አዲስ ስክሪን ሲሰካ ለኮምፒውተሩ «እኔ ይህን ያህል እችላለሁ» ይለዋል። የድሮው ሲአርቲ ፕሮጀክተር ይህ አንደበት የለውም። በመካከል ኤችዲኤምአይን ወደ ቪጂኤ የሚቀይር ትንሽ ሣጥን ሲገባ ሣጥኑ በማሽኑ ስም ይመልሳል፤ ብዙ ጊዜም 1080ፒ እችላለሁ ይላል። ላፕቶፑ አምኖ 67.5 ኪሎኸርዝ ይልካል። 50 ላይ የሚቆም ማሽን ያኔ ምን ያድርግ?

አንድ ወዳጄ እዚሁ ጅማ፣ ሄርማታ በኩል ላለው ቤቱ ከጨረታ የገዛውን ማሽን «ተቃጥሏል» ብለውት ነበር። ሪሲቨሩ 1080ፒ ላይ ነበር። በትንሽ ቴሌቪዥን ሰክተን ወደ 576ፒ አወረድነው፣ መልሰን ስንሰካው ሣሩ ታየ። ሪሲቨር ላይ የምስል ምርጫ ስታደርጉ እነዚህን አስቡ፦ 576ፒ በ50 ኸርዝ 31.25 ኪሎኸርዝ ነው። 720ፒ በ50 ኸርዝ 37.5 ነው። 1080አይ በ50 ኸርዝ ግን 28.1 ብቻ ነው። አዎ፣ ከ720ፒ ያነሰ። መስመሮቹን በሁለት ዙር እያፈራረቀ ስለሚልክ ነው፤ ሲአርቲ ደግሞ ለዚህ አሠራር የተፈጠረ ነው። ማሽናችሁ 28 ላይ ከያዘ እኔ ለኳስ 1080አይን እመርጣለሁ።

ኤችዲኤምአይ ቀያሪዋ ሣጥን ሌላም ድክመት አላት። የምታወጣው ሲንክ ለአጭር ኬብል የታሰበ ነው። 15 ሜትር ኬብል አስከትላችሁ ማሽኑ ደግሞ ሲንኩን በ75 ኦም ከዘጋው ምልክቱ ይሟሽሻል። በአጭር ኬብል ከሠራና በረጅሙ ካልሠራ ማጉያ ያስፈልጋል።

መለካት ከፈለጋችሁ ኦሲሎስኮፕ ጥሩ ነበር፣ ግን ኸርዝ የሚለካ ተራ መልቲሜትርም ብዙ ይነግራል። በቪጂኤ ማገናኛ ላይ 13ኛው ፒን ሆሪዞንታል ሲንክ ነው፣ 14ኛው ቨርቲካል፣ 10ኛው ግራውንድ። 13 እና 10 መካከል በኸርዝ ለኩ፤ 31.5 ኪሎ ካለ 640 በ480 ነው የሚላከው፣ ላፕቶፑ ሌላ ቢልም። ከዚያ ሜትሩን ወደ ዲሲ ቮልት አዙሩት። ሲንኩ አጭር ስለሆነ ሜትሩ የሚያነበው አማካዩን ነው። 4 ቮልት አካባቢ ወይም በላይ ካነበበ ሲንኩ ወደ ታች የሚመታ፣ ኔጌቲቭ ነው። ከ1 ቮልት በታች ካነበበ ፖዘቲቭ ነው። ይህ ለ5 ቮልት ሲንክ ነው፤ በ3.3 ቮልት የምትሠራ ሣጥን ከሆነች ኔጌቲቩ 3 አካባቢ ይታያል። 640 በ480 ሁለቱም ኔጌቲቭ ናቸው። 800 በ600 ሁለቱም ፖዘቲቭ። 1024 በ768 በ60 ኸርዝ እንደገና ኔጌቲቭ። ማሽኑ አንዱን ብቻ የሚቀበል ከሆነ 74ኤችሲ86 የሚባል ትንሽ ቺፕ ይገለብጠዋል። ያው ቺፕ ሁለቱን ሲንክ ወደ አንድም ይቀላቅላል፤ ግን ቀላል መቀላቀያ የምስሉን አናት ሊያጎነብስ ስለሚችል ውጤቱን እዩ።

ሁሉም ከገጠመ በኋላ ምስሉ ጠማማ፣ ሦስቱ ቀለም የተበታተኑ ሆነው ብታገኙት አትደንግጡ። ማሽኑ የቅርጽና የቀለም ማስተካከያውን ለየድግግሞሹ ለየብቻ ነው የሚያስቀምጠው። አዲስ ድግግሞሽ ሲመጣለት የሚቀርበውን የድሮ ማስታወሻ አንስቶ ይጠቀማል። አዲስ ማስታወሻ ክፈቱለት፣ ፌዙንና ሺፍቱን አስይዙ፣ ከዚያ ብቻ ወደ ኮንቨርጀንስ ግቡ። ኮንቨርጀንሱ ሙሉ ከሰዓት ይወስዳል። መጀመሪያ አረንጓዴውን ለብቻው ቀጥ አድርጉት፣ ቀዩን በእሱ ላይ አምጡ፣ ሰማያዊው ይከተል። ማስታወሻውን ማስቀመጥ አትርሱ፤ መብራት የሚሄደው ሁልጊዜ ልክ ሊያልቅ ሲል ነው።